የፌሬሮ ቤተሰብ፦ ከአልባ ኬክ ቤት እስከ ኑቴላ

(ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1938 ላይ ፒየትሮ ፌሬሮ የሚባል ጣሊያናዊ ኬክ ሠሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ። ሙሶሊኒ አገራችንን ከወረረ ገና ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። አካባቢው በጣሊያን ወታደር ተሞልቷል። የፒየትሮ ሐሳብም ለዚህ ሁሉ ወታደር ብስኩት ሸጦ መክበር ነበር። አልሆነለትም። ንግዱ ከሰረና ወደ አገሩ ተመለሰ።

በወረራ ላይ ተንጠልጥሎ ሊነግድ የመጣ ሰው ባይቀናው የሚያዝንለት አበሻ ያለ አይመስለኝም። ግን ይኸው ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ የመሠረተው ድርጅት ነው ዛሬ ዳቦ ላይ የሚቀባውን ኑቴላን፣ ኪንደርን፣ ፌሬሮ ሮሸርንና ቲክ ታክን የሚሠራው። ነሐሴ 2024 ባበቃው የበጀት ዓመት ሽያጩ 18.4 ቢሊዮን ዩሮ ደርሷል። አክሲዮኑ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቱ አሁንም ያው ቤተሰብ ነው።

ጉዳዩን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አባት ያቋቋመው ንግድ አባት ባረፈ ማግስት በወራሾች ክርክር ሲፈርስ ማየት ለኛ አዲስ አይደለም። የፌሬሮን ቤት ደግሞ ሞት ደጋግሞ አንኳኩቶበታል። 1949፣ 1957፣ 2011። ሦስቱም ጊዜ የሞተው ሥራውን በእጁ የያዘ፣ ገና ብዙ ይሠራል የተባለ ሰው ነው። ድርጅቱ ግን አልተከፈለም፣ አልተሸጠምም።

ብዙ ሰው ምስጢሩ የኑቴላ አሠራር ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሃዘልነት የሚባለውን ፍሬና ካካዋ መቀላቀል በቤተሰቡ አገር በፒዬሞንት ውስጥ ማንም ያውቅ ነበር። የዚህን ቤት ታሪክ ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሁሌም ድስቱን የሚይዝ አንድ ሰው፣ ገበያውን የሚይዝ ሌላ ሰው ነበረው። ያ ሲጓደል ደግሞ የድርጅቱ ባሕርይ ራሱ ተቀየረ።

ካካዋ ሲጠፋ

አልባ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ፒዬሞንት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ላንጌ የሚባሉ ኮረብታዎች ከበዋታል። ወይን ይበቅልባቸዋል፣ ሃዘልነትም ይበቅልባቸዋል። ሃዘልነት ከሽምብራ ተለቅ የሚል፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ ነው። ተቆልቶ ሲፈጭ ልክ እንደ ለውዝ ቅቤ ዘይቱን አውጥቶ ይለሰልሳል።

የአካባቢው ጣፋጭ ሠሪዎች ይህን ፍሬ ከካካዋ ጋር ማደባለቅ የጀመሩት ከናፖሊዮን ዘመን ነው ይባላል። ናፖሊዮን 1806 ላይ ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲዘጋ ካካዋ ተወደደ። የቱሪን ቸኮሌት ሠሪዎችም ደጃቸው ላይ ባለው ፍሬ ማብዛት ያዙ። ድብልቁ ጃንዱያ ይባላል። እስከ ዛሬም የቱሪን ኩራት ነው።

ፒየትሮ በ1898 የተወለደ የዚሁ አገር ልጅ ነው። 1923 ላይ ዶልያኒ በምትባል ከተማ ኬክ ቤት ከፈተ። ሚስቱ ፒየራ ቺላሪዮ አብራው ትሠራ ነበር። አንድ ልጃቸው ሚኬሌ የተወለደውም እዚያው ዶልያኒ ነው፣ 1925 ላይ። ከዚያ ወዲያ ፒየትሮ አንድ ቦታ አልረጋም። ቱሪንን ሞከረ፣ አፍሪካን ሞከረ። በመጨረሻ በጦርነቱ ሰሞን አልባ ላይ ተቀመጠ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ጣሊያን የተራበች አገር ነበረች። ካካዋ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከተገኘም አይቀመስም። ሃዘልነት ግን ኮረብታው ላይ ሞልቷል። ፒየትሮ ብዙ ሃዘልነት፣ ስኳር፣ የአትክልት ስብና ጥቂት ካካዋ አዋሕዶ እንደ ዳቦ የተጋገረ የሚመስል ጠጣር ቅርጽ አወጣ። ጃንዱዮት አለው። በብር ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። እናት በቢላ ቆርሳ ዳቦ ላይ ታስቀምጣለች። ቸኮሌት መግዛት የማይችል ቤተሰብ በጥቂት ሳንቲም የቸኮሌት ጣዕም አገኘ። ድርጅቱ ግንቦት 1946 ላይ ተመዘገበ።

አንድ ችግር ነበረ። ልጆቹ ጣፋጩን ላፍ አድርገው ዳቦውን ይጥሉታል። ልጅ የትም አገር ልጅ ነው። መፍትሔው ከዳቦው የማይላቀቅ፣ የሚቀባ ነገር መሥራት ሆነ። እሱም ሱፐርክሬማ ተብሎ 1951 ላይ ገበያ ወጣ። ያኔ ሱቆች ውስጥ አንድ ልማድ ነበረ። ልጅ ከቤቱ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ ከትልቁ ዕቃ ላይ ሱፐርክሬማ ይቀባለታል። በሙሉ ዕቃ መግዛት የማይችል ደንበኛ በዳቦ ልክ ገዛ ማለት ነው። ዘይት በብርጭቆ፣ ስኳር በኩባያ ሲሸጥ እያየ ያደገ ሰው ይህን ንግድ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል።

ፒየትሮ ሱፐርክሬማን አላየም። መጋቢት 1949 በልብ ድካም ሲሞት 50 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት፣ መስከረም 1948፣ የታናሮ ወንዝ ሞልቶ ፋብሪካውን አጥለቅልቆት ነበር። ድርጅቱ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጎርፍም ሞትም አየ።

ያተረፈው ወንድሙ ጆቫኒ ነው። ፒየትሮ የኩሽና ሰው ነበር፣ ጆቫኒ ደግሞ የገበያ። ጅምላ ነጋዴ መሃል ሳይገባ በራሱ መኪኖች ትንንሽ ሱቆች ድረስ ማድረስ የጀመረው እሱ ነው። ብዙም የማይደነቅ ሥራ ይመስላል። ግን ባለሱቁ ዕቃው ሲያልቅበት የሚያውቀው የፌሬሮን ሾፌር ነው፤ ድርጅቱም የትኛው ሰፈር ምን እንደሚሸጥ ከአከፋፋይ ወሬ ሳይሆን ከራሱ ሰው ይሰማል። ትኩስ ያልሆነ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንዳይከርም የሚቆጣጠረውም ያው ሾፌር ነው። ፒየራ ደግሞ ከባሏ ሞት በኋላም ከሥራው አልራቀችም።

ጆቫኒ በ1957 ሞተ። እሱም በልብ፣ በ52 ዓመቱ። ቤቱ ለ32 ዓመቱ ሚኬሌ ቀረ።

ሚኬሌና ቫሌሪያ

ስለ ሚኬሌ ፌሬሮ ብዙ ይወራል። ከጥቁር መነጽሩ አይለይም። ቃለ መጠይቅ አይወድም፣ ፎቶ አይወድም። አጥባቂ ካቶሊክ ነው፤ በየፋብሪካው የእመቤታችን ሐውልት ያቆማል። ኋላ ሞናኮ መኖር ሲጀምር በሄሊኮፕተር አልባ እየተመላለሰ ላቦራቶሪ ይገባ ነበር። የጣሊያን አንደኛ ሀብታም ሆኖም እጁ ከድስቱ አልወጣም።

ከአባቱ የወረሰው ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ኬክ ሠሪ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን የአጎቱንም ሙያ ይዟል። ሁለቱን ባንድ ራስ ላይ ያገኘ ብቸኛው የቤተሰቡ ሰው እሱ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ድፍረቱ ጀርመን ነው። ጦርነቱ ካበቃ ዐሥር ዓመት ብዙም ሳያልፈው፣ 1956 ላይ፣ የጣሊያን ጣፋጭ ለጀርመኖች ልሽጥ ብሎ አሌንዶርፍ በምትባል ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ይመረትበት የነበረ ግቢ ነው። እዚያ የበረደውንና የተከፋውን ሕዝብ አየና ሞን ሼሪን አቀረበለት፤ በቸኮሌት ውስጥ መጠጥና አንድ ቼሪ ያለበት፣ እያንዳንዱ ለብቻው የተጠቀለለ። ሙሉ ፓኮ የማይችል ሰው አንዷን ይገዛል። የዳቦ ቅቡ ዘዴ በሌላ መልክ መጣ።

ከዚያ የሱፐርክሬማ ተራ ደረሰ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያን ሕግ «ሱፐር» የሚሉ ማጋነኛዎችን ከዕቃ ስም ላይ ከለከለ። ሚኬሌ አሠራሩን እንደገና አስተካከለ፤ ለጀርመኑም ለፈረንሳዩም አፍ የሚቀል ስም ፈለገ። ሚያዝያ 20 ቀን 1964 የመጀመሪያው የኑቴላ ብርጭቆ ከአልባ ፋብሪካ ወጣ። ብርጭቆ ያልኩት በምክንያት ነው። ጣሊያን ውስጥ ኑቴላው ካለቀ በኋላ ታጥቦ ውኃ የሚጠጣበት መስታወት ውስጥ ይሸጣል። ስንቱ ቤት እንዳለ ጣሊያኖችን ጠይቁ።

ሚኬሌ ስለ ደንበኛው ሲያወራ «ቫሌሪያ» ይላት ነበር። ቫሌሪያ የተወሰነች ሴት አይደለችም። ገበያ የምትወጣዋ እናት፣ አክስት፣ አያት ናት። ልጇ ምን እንደሚበላ የምትወስን፣ ኪሷን የምታውቅ ሴት። አንድ ነገር ሲሠራ ቫሌሪያ ምን ትላለች ብሎ ይጠይቃል። 1968 ላይ የመጣው ኪንደር ቸኮሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወተቱ በርከት፣ ካካዋው ቀነስ ያለ ነው፤ ልጇ ጣፋጭ በመብላቱ የምትሳቀቅ እናት እንድትረጋጋ። ብልጠት ነው ወይስ ማታለል? ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ። ወተት በርከት አለ ማለት ስኳሩ ቀረ ማለት አይደለማ።

ከሁሉ የምወደው የእንቁላሉ ታሪክ ነው። ጣሊያን ውስጥ የቸኮሌት እንቁላል የፋሲካ ነው። ውስጡ ስጦታ ይደረግበታል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ሱቆች ያነሱታል። ሚኬሌ ግን እንቁላል የሚሠራ ማሽን በብዛት ይታዘዝ አለ። ትእዛዙ ጭራሽ አልተላከም። የራሱ ሠራተኞች አንድ ስሕተት አለ ብለው ይዘውታል፤ ለዓመት አንድ ቀን ይህን ያህል ማሽን ምን ይሠራል? ለምን እንደዘገየ ሲጠይቅ ይህን ነገሩት። እሱ ግን በየቀኑ ፋሲካ እንዲሆን ነው የፈለገው። ኪንደር ሰርፕራይዝ 1974 ላይ ወጣ።

አሜሪካ ውስጥ ግን እንቁላሉ አይሸጥም። በ1938 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከምግብ ውስጥ የማይበላ ነገር መክተት ስለሚከለክል ነው። ልጅ አሻንጉሊቱን ቢውጠውስ ይላል ሕጉ። ድርጅቱ 2018 ላይ ኪንደር ጆይን ይዞ ገባ፤ አሻንጉሊቱ በአንድ ወገን፣ ጣፋጩ በሌላ ወገን ለየብቻ የታሸገበት። ቲክ ታክ በ1969፣ ፌሬሮ ሮሸር በ1982 መጥተዋል። የሮሸር ስም የተወሰደው ፈረንሳይ ሉርድ ከተማ ካለው የእመቤታችን ዋሻ እንደሆነ ይነገራል።

አልባ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ተሠርቷል። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲፈልግ ገበሬውን ከተማ አምጥቶ አላሰፈረም። አውቶቡስ በየኮረብታው እየዞረ ይሰበስበዋል፣ ፈረቃው ሲያልቅ ይመልሰዋል። ሰውየው ወይኑንም ሃዘልነቱንም ሳይተው ደመወዝ ያገኛል። የላንጌ መንደሮች ባዶ ሳይሆኑ የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቤተሰቡም ትርፉን በአክሲዮን ገበያ ለሚጠብቅ ለማንም መልስ መስጠት ስለሌለበት እንዲህ ያለውን ነገር ረጋ ብሎ ማድረግ ችሏል። ኅዳር 1994 አልባ እንደገና በጎርፍ ስትጠለቅ ሠራተኞቹ ራሳቸው አካፋ ይዘው ጭቃውን ከፋብሪካው ጠርገዋል።

ኩሽናው ሲጎድል

ሚኬሌ ሁለት ልጆች ነበሩት። ስማቸው ፒየትሮና ጆቫኒ፤ የአያትና የአያት ወንድም ስም። የሥራ ክፍፍሉም እንደ ስማቸው ሆነ። ባዮሎጂ የተማረው ፒየትሮ ምርቱን፣ ጆቫኒ ገበያውን ያዙ። 1997 ላይ ሁለቱ ባንድነት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተባሉ። አባትየው ላቦራቶሪውን አልለቀቀም።

ሚያዝያ 2011 ፒየትሮ ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ብስክሌት እየነዳ ሳለ ልቡ ቆመ። 47 ዓመቱ ነበር። አባቱ በሕይወት እያለ ነው የሞተው። ሚኬሌ ራሱ የካቲት 14 ቀን 2015 በ89 ዓመቱ አረፈ። አልባ ከተማ ለቀብሩ ቆመች ማለት ይቻላል።

የቀረው ጆቫኒ ነው፤ የገበያው ሰው። ልብ ወለድም ይጽፋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ሚኬሌ የሌላ ሰው ብራንድ መግዛት አይወድም ነበር፤ አዲስ ነገር ከፈለገ ራሱ ይሠራል። ጆቫኒ አባቱ በሞተ በወራት ውስጥ የእንግሊዙን ቶርንተንስ በ112 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። 2018 ላይ የኔስሌን የአሜሪካ ቸኮሌትና ከረሜላ ንግድ በ2.8 ቢሊዮን ዶላር። በቀጣዩ ዓመት ከኬሎግ ላይ ብስኩቶቹን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር። 2025 ላይ ደግሞ ቁርስ እህል የሚሠራውን ደብሊው ኬ ኬሎግን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። በመሃል 2017 ላይ ራሱ ሊቀመንበር ሆኖ ላፖ ቺቪሌቲን ዋና ሥራ አስፈጻሚ አደረገ። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው ያን ወንበር ሲይዝ የመጀመሪያው ነው።

ጆቫኒን የሚነቅፉት አሉ፤ አባቱ ቢያየው ይላሉ። ለኔ ግን ያደረገው ከማንነቱ ጋር ይሄዳል። የሚያበስለው ወንድም የለም። የሚሸጥ ሰው ደግሞ የሚሸጥ ነገር ይፈልጋል፤ ከኩሽናው ካልመጣ ከገበያ ይገዛዋል። ድርጅቱ በዚህ መንገድ እጅግ አድጓል። እንደ ኑቴላ ያለ፣ ከዜሮ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ አዲስ ነገር ግን ከሚኬሌ ወዲህ ከዚህ ቤት አልወጣም።

የተዘጋው በር

የቤተሰቡ ዝምታ ለዓመታት ጠቅሞታል። ተፎካካሪ አያየውም፣ ጋዜጠኛ አይደርስበትም። የጎዳውም ያው ዝምታ ነው።

ታኅሣሥ 15 ቀን 2021 ቤልጂየም አርሎን ባለው ፋብሪካ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ጀርም ተገኘ። ፋብሪካው ከመላው የኪንደር ምርት 7 በመቶ ያህሉን ይሠራል። ድርጅቱ የራሱን እርምጃ ወስዶ ማምረቱን ቀጠለ። ከዚያ እንግሊዝ ውስጥ ልጆች መታመም ጀመሩ፤ የጀርሙ ዘር ሲመረመር ከአርሎኑ ጋር ገጠመ። ዕቃው ከገበያ መሰብሰብ የጀመረው ሚያዝያ 2022 ነው፣ ልክ ፋሲካ ሲቃረብ። የቤልጂየም የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የተሰጠኝ መረጃ ጎደሎ ነው ብሎ ሚያዝያ 8 ቀን ፋብሪካውን ዘጋው። በወሩ መጨረሻ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት በ11 አገሮች 151 ታማሚዎችን ቆጥሯል። አብዛኞቹ ከ10 ዓመት በታች ናቸው። ፋብሪካው በሰኔ በቅድመ ሁኔታ ተከፈተ።

ምንጩ የወተት ስብ የሚቀመጥበት ጋን ላይ ያለ ማጣሪያ እንደሆነ ድርጅቱ ተናግሯል። ማጣሪያ የትም ይቆሽሻል። የሚያስተዛዝበው በታኅሣሥና በሚያዝያ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ቫሌሪያን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም ሲል የኖረ ቤት፣ ቫሌሪያ መስማት ያለባትን ነገር ለወራት ይዞ ቆየ።

ሃዘልነቱም ጣጣ አለው። የላንጌ ኮረብታ የዛሬውን ኑቴላ አይችለውም። የዓለም ሃዘልነት ወደ 70 በመቶው የሚመጣው ከቱርክ ነው። ፌሬሮ ብቻውን ከዓለም ምርት ሩብ ያህሉን ይገዛል ይባላል። 2014 ላይ ውርጭ የቱርክን አበባ ሲያረግፈው ዋጋው ጣሪያ ነካ፤ በዚያው ዓመት ድርጅቱ ኦልታን የሚባለውን ትልቅ የቱርክ ሃዘልነት ነጋዴ ጠቅልሎ ገዛ። በጥቁር ባሕር ዳር ያለው ቁልቁለት ግን አሁንም በእጅ ነው የሚለቀመው። ለቃሚዎቹ የወቅት ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ኩርዶች፣ ሶርያውያን ስደተኞችም አሉበት። ከቤተሰባቸው ጋር አብረው የሚለቅሙ ሕፃናት ጉዳይ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ድርጅቱ ፍሬው የመጣበትን እርሻ እየተከታተልኩ ነው ይላል። ሩቡን የሚገዛ ደንበኛ ከፈለገ ዋጋውንም ሁኔታውንም መቀየር ይችላል ብዬ ነው የማምነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኑቴላን የጥሩ ቁርስ አካል አስመስላችሁ አስተዋውቃችኋል ተብለው ተከስሰዋል። 2012 ላይ ክሱን ለመዝጋት 3 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ከግማሽ በላይ ስኳር የሆነን ነገር ቁርስ ማለት መቼም ድፍረት ይጠይቃል።

ሟቹ ፒየትሮም ጆቫኒም ልጆች አሏቸው። አራተኛው ትውልድ ማለት ነው። እስካሁን ያለው አካሄድ ቤተሰቡ ባለቤት፣ ተቀጣሪው ደግሞ አስኪያጅ ሆኖ እንዲቀጥል ነው። ሒሳብ የሚያነብ ወራሽ ከነዚህ ልጆች መሃል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ነጭ ጋዎን ለብሶ ላቦራቶሪ የሚገባው ግን ማን ይሆን?